ጡረታ የወጣ ሻምፒዮን ተመልሶ ያሸንፋል?

ጥያቄው የመጣው ከባህሬን ነው። ጠያቂው ማናማ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ወንድማችን ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ በ2010 የፎርሙላ ዋን መኪና ሻምፒዮኑ ሹማከር ከጡረታ ሲመለስ እዚሁ ሳኪር ትራክ ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለትኬቱ ስንት ቀን ቆጥቤ ነበር። ስድስተኛ ወጣ። ቀስ ብሎ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ሄደ። አሁን ደግሞ ጓደኞቼ ሌላው የቀድሞ ሻምፒዮን ቬተል ቢመለስ ያሸንፋል እያሉ ይሟገቱኛል። እውነት ጡረታ የወጣ ሻምፒዮን ተመልሶ ሊሳካለት ይችላል? ወይስ ዕድሜ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው?»

ወንድሜ፣ ያን ቀን እኔም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነበር። ስሜትህ በደንብ ይገባኛል። በአውሮፓ ትንንሽ የውድድር ቡድኖች ውስጥ በዳታ መሐንዲስነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከመኪናው የሚወርደውን መረጃ ማንበብ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን የት ረገጠ? መሪውን ምን ያህል አዞረ? ነዳጅ መቼ ሰጠ? እንዲህ ያለውን ሳነብ ነው የኖርኩት። ስለዚህ የምመልስልህ በደጋፊ ስሜት ብቻ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩን ልንገርህ። አዎ፣ ይችላል። ሆኖም ያውቃል። ግን እኔ መጀመሪያ የማየው ዕድሜውን አይደለም። ስንት ዓመት ራቀ? በራቀበት ጊዜ ምን ሲነዳ ቆየ? የሚመለሰው ወደ የትኛው መኪና ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እጁ እስኪመለስ ድረስ ጊዜ ይሰጡታል ወይ?

ተሳካ ማለት ምን እንደሆነ እንስማማ። መለኪያው የዓለም ዋንጫ ከሆነ፣ በፎርሙላ ዋን አቋርጠው ተመልሰው እንደገና ሻምፒዮን የሆኑት ሁለት ናቸው። ኒኪ ላውዳ በ1984፣ አላን ፕሮስት በ1993። ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮም በ1952 ሞንዛ ላይ አንገቱ ተሰብሮ ዓመቱን ካለፈው በኋላ ተመልሶ ሻምፒዮን ሆኗል። እሱ ግን ጉዳት ነው ያስቀረው እንጂ ጡረታ አልወጣም። መለኪያው አንድ ውድድር ማሸነፍ ከሆነ ደግሞ ናይጄል ማንሴልና ኪሚ ራይኮነን ይጨመራሉ።

አሁን ወደ ዕድሜ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። ፋንጂዮ አምስተኛውን ዋንጫ በ1957 ሲወስድ 46 ዓመቱ ነበር። እርግጥ የዚያን ጊዜው መኪና የዛሬው አይደለም። የዛሬው ፎርሙላ ዋን ፍሬን ሲያዝ ሰውነትህ ላይ የስበት ኃይል አምስት እጥፍ ይጫናል። ጭንቅላትና ሄልሜት አንድ ላይ ስድስት ሰባት ኪሎ ቢሆኑ፣ አንገትህ በየማዞሪያው ከሰላሳ ኪሎ በላይ ይሸከማል። ይህን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳታቋርጥ ታደርገዋለህ። የመኪናው ውስጥ ሙቀት አለ። ልብህ እንደ ሯጭ ይመታል። ከባድ ነው። ነገር ግን አንገት በስፖርት ይገነባል። አንድ የአርባ ዓመት ሰው ጥሩ አሰልጣኝና ስድስት ወር ካገኘ አካሉን ያስተካክላል። የዓይንና የእጅ ፍጥነትም በአንድ ሌሊት አይሞትም። ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፤ ልምድም ብዙውን ይሸፍናል።

ታዲያ የሚጠፋው ምንድን ነው? ይህን በራሴ ሥራ ካየሁት ልንገርህ።

አንድ ጊዜ ሁለት ዓመት ከውድድር ርቆ የቆየ ሹፌር ለፈተና መጣልን። ስሙን አልጠራም። ጎበዝ ሹፌር ነው። ጠዋት ላይ ፍሬን የሚረግጠው ከወጣቱ የቡድን ጓደኛው ብዙ ሜትር ቀድሞ ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው። ዓይን ፍጥነቱን እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል። ከምሳ በኋላ ፍሬን የሚይዝበት ቦታ ከወጣቱ ጋር እኩል ሆነ። እንዲያውም ሁለት ማዞሪያዎች ላይ ከወጣቱ ዘግይቶ ነበር የሚረግጠው። ድፍረቱ ተመልሷል ማለት ነው። ሰዓቱ ግን አሁንም ወደ ኋላ ነበር። ሁላችንም ግራ ገባን። የሁለቱን መስመር ኮምፒውተር ላይ ደራርበን ስናይ ነገሩ ተገለጠ። ልዩነቱ ፍሬን ሲይዝ ሳይሆን ሲለቅ ነበር። ወጣቱ ወደ ማዞሪያው እየገባ ፍሬኑን በጣም ቀስ አድርጎ ነው የሚለቀው። ስለዚህ የመኪናው ክብደት የፊት ጎማ ላይ ይቆያል፤ መኪናው ይታዘዛል። የተመለሰው ሹፌር ግን ትንሽ ቀድሞ ይለቀዋል። የፊት ጎማው ይቀላል። መኪናው አልዞርም ይላል። ሹፌሩ መሪውን ይጨምራል። ጎማው ይፋቃል፣ ይሞቃል። ከአምስት ዙር በኋላ ያ ጎማ አለቀ።

ለምን ቀድሞ ለቀቀው? ጎማው እንደሚይዝለት እጁና እግሩ ገና አላመኑም። የጎማ ዕውቀት በመጽሐፍ አይነበብም፤ በየውድድሩ ይታደሳል። ጎማው በየዓመቱ ይለወጣል። ዘንድሮ ያልነዳ ሰው የዘንድሮውን ጎማ አያውቀውም፣ በቃ። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ቢሆንም አያውቀውም። እኔ «እጁ ገና አልተመለሰም» የምለው ይህንን ነው።

በዓለም ፊት የታየ ምሳሌም አለ፤ ሻምፒዮን ባይሆንም ልጥቀሰው። በ2009 ፌሊፔ ማሳ ሃንጋሪ ላይ ከሌላ መኪና የወደቀ ብረት ጭንቅላቱን መቶት ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ፌራሪ በእሱ ቦታ ሉካ ባዶርን አስገባ። ባዶር ለዓመታት የፌራሪ ፈታኝ ሹፌር ነበር። በፌራሪ መኪና የነዳው ርቀት ለመቁጠር ያስቸግራል። ግን ከ1999 ወዲህ አልተወዳደረም። በዚያ ዓመት ደግሞ በውድድር ወቅት መፈተን ተከልክሎ ስለነበር አዲሱን መኪና በቅጡ አልነዳውም። ቫሌንሲያ ላይ በማጣሪያው፣ ማለትም የመነሻ ቦታ በሚለይበት ሩጫ፣ መጨረሻ ሆነ። ስፓ ላይም መጨረሻ። ከሁለት ውድድር በኋላ ተነሳ። ሰዎች ብዙ ሳቁበት። እኔ አዘንኩለት። ያ ሰው መንዳት ስላልቻለ አይደለም። አሥር ዓመት ከውድድር ርቆ በማያውቀው መኪና፣ ያለ ልምምድ፣ በዓለም ፊት እንዲማር ተገደደ።

ወደ ላውዳ ልምጣ። የእሱን ታሪክ ትንሽ ረዘም አድርጌ ማውራት አለብኝ፤ ምክንያቱም መልስህ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ላውዳ በ1975 እና በ1977 በፌራሪ ሻምፒዮን ሆኗል። በመሃል፣ በ1976፣ ኑርበርግሪንግ ላይ መኪናው ተቃጥሎ ከሞት ተርፏል። በስድስት ሳምንት ሞንዛ ተመልሶ አራተኛ ወጣ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። በ1979 መስከረም ላይ ደግሞ ሞንትሪያል ውስጥ ልምምድ ላይ እያለ ከመኪናው ወርዶ ጡረታ ወጣ። ውድድሩን እንኳን አልጠበቀም። በክብ መዞር ሰለቸኝ አለ። ወደ ራሱ አየር መንገድ ሥራ ገባ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተወዳደረም።

በ1982 በማክላረን ተመለሰ። 33 ዓመት ሊሞላው ነበር። በሦስተኛው ውድድር ሎንግ ቢች ላይ አሸነፈ። ሰው ሁሉ «ላውዳ አልረሳም» አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያቆመው። እኔ ግን ቀጥለህ እንድታይ እፈልጋለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ላውዳ 30 ነጥብ ይዞ አምስተኛ ሆነ። የቡድን ጓደኛው ጆን ዋትሰን 39 ነጥብ ነበረው። በ1983 የባሰ ሆነ። ላውዳ 12 ነጥብ፣ ዋትሰን 22። ላውዳ አሥረኛ ነበር።

እኛ ባለሙያዎች ሹፌርን የምንለካው በቡድን ጓደኛው ነው። መኪናው አንድ ነው፤ ጎማው አንድ ነው። በዚህ ልኬት ላውዳ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ተበልጧል። በ1983 መጨረሻ ላይ አንተ ይህን ጥያቄ ብትጠይቀኝ ኖሮ «አልተሳካለትም» ብዬ በመለስኩልህ ነበር። መረጃው የሚለው ያንን ነው።

በ1984 ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ማክላረን ፖርሼ የሠራለትን ቱርቦ ሞተር ያለው አዲስ መኪና ለሙሉ ዓመት አገኘ። ከሁሉም የተሻለ መኪና ሆነ። ሁለተኛ፣ ዋትሰን ሄዶ አላን ፕሮስት መጣ። ፕሮስት በጊዜው በጣም ፈጣኑ ወጣት ነው። በማጣሪያ ላይ ላውዳን በተደጋጋሚ ይበልጠዋል። ላውዳ በዚያ ዓመት አንድም ጊዜ ከአንደኛ ቦታ አልተነሳም።

እና ምን አደረገ? ማጣሪያውን ተወው። ቅዳሜ ላይ ከፕሮስት ጋር መሟገት አቆመ። ልምምዱን በሙሉ ለእሁድ አዋለው። መኪናውን ለረጅም ሩጫ አስተካከለ። ነዳጅ ቆጠበ። ጎማ ቆጠበ። ይህ ለአንድ ሻምፒዮን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ላስረዳህ አልችልም። ሁለት ዋንጫ ያለው ሰው «ይህ ልጅ ከኔ ይፈጥናል» ብሎ ለራሱ አምኖ፣ በሌላ መንገድ ለማሸነፍ መቀመጥ አለበት። ላውዳን የማከብረው ከእሳት ስለተረፈ ብቻ አይደለም። በዚህም ጭምር ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ኢስቶሪል፣ ፖርቱጋል። ፕሮስት ካሸነፈ ላውዳ ሁለተኛ መውጣት አለበት። ላውዳ የተነሳው ከ11ኛ ቦታ ነው። አንድ በአንድ አለፈ። ሁለተኛ ቦታ ላይ የነበረው ማንሴል የፍሬን ችግር ገጥሞት ወጣ። ፕሮስት አሸነፈ። ላውዳ ሁለተኛ ሆነ። ነጥባቸው 72 ለ71.5። በግማሽ ነጥብ! ፕሮስት ሰባት ውድድር አሸንፏል፤ ላውዳ አምስት። ግማሽ ነጥቧ ከየት እንደመጣች ታውቃለህ? ሞናኮ ላይ በዝናብ ምክንያት ውድድሩ ሳይጋመስ ቆሞ ለሁሉም ግማሽ ነጥብ ተሰጠ። ፕሮስት አንደኛ ሆኖ 4.5 ነጥብ ብቻ አገኘ። ውድድሩ እስከ መጨረሻው ሄዶ ፕሮስት ሁለተኛ እንኳ ቢወጣ 6 ነጥብ ያገኝ ነበር። ዋንጫውም የሱ ነበር።

ልብ በል። የላውዳ መመለስ የተሳካው በሦስተኛው ዓመት ነው። እሱም በግማሽ ነጥብ።

አሁን ያንተን ሰው እንይ። ሚካኤል ሹማከር በ2006 መጨረሻ ላይ ሲሄድ 37 ዓመቱ ነበር። ሰባት ዋንጫ፣ 91 ድል። ሦስት የውድድር ዓመት አለፈው። በ2009 መጀመሪያ ላይ ስፔን ውስጥ በሞተር ሳይክል ወድቆ አንገቱ ተጎዳ። ማሳ በተጎዳ ጊዜ ፌራሪ እሱን ጠርቶት ነበር፤ አንገቱ አልፈቀደለትም። በ2010 መርሴዲስ ሲገባ 41 ዓመቱ ነው። አንተ ሳኪር ያየኸው ያን ቀን ከሰባተኛ ተነስቶ ስድስተኛ ወጣ። የቡድን ጓደኛው ኒኮ ሮዝበርግ አምስተኛ።

ምን ተለወጠ በሦስት ዓመት ውስጥ? ብዙ ነገር። ሹማከር በሄደበት ጊዜ ጎማው ጥርስ ነበረው፤ ሲመለስ ለስላሳ ጎማ ሆኗል። በ2010 ደግሞ የፊት ጎማው እንዲጠብ ተደረገ። ሹማከር በሙሉ ዕድሜው የሚወደው የፊቱ በደንብ የሚይዝ መኪና ነው። መሪውን ትንሽ ሲነካው ቶሎ የሚዞር። የፊት ጎማ ሲጠብ የተወሰደበት ያ ነው። በመሃል ነዳጅ መሙላትም ተከለከለ። ስለዚህ መኪናው ሙሉ ታንክ ይዞ ከባድ ሆኖ ይነሳል። እሱ የለመደው ግን በቀላል መኪና ከፒት (መኪናው ቆሞ ጎማ ከሚቀየርበት ቦታ) እስከ ፒት ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ መሮጥ ነው። በ2011 ደግሞ ጎማ አቅራቢው ብሪጅስቶን ሄዶ ፒሬሊ መጣ። ሆን ተብሎ ቶሎ የሚያልቅ ጎማ። እንደገና ከዜሮ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ልምምዱ ነው። ሹማከር ፌራሪ እያለ ፊዮራኖ የቡድኑ የራሱ ትራክ ነበር። ጠዋት ተነስቶ እዚያ ይነዳል። አንድ ነገር ካልገባው መቶ ዙር ይዞራል። ችሎታውን የገነባው በድግግሞሽ ነው። ሲመለስ ያ በር ተዘግቷል። ከውድድር ዓመቱ በፊት ጥቂት ቀናት ብቻ። ከዚያ በኋላ መማር የሚችለው አርብ ዕለት በልምምድ፣ ወይ እሁድ በውድድሩ ውስጥ ነው። በጣም ብዙ መሥራት የሚወድ ሰው የሚሠራበትን ቦታ አጣ።

ነጥቡን ላስቀምጥልህ። 2010፦ ሮዝበርግ 142፣ ሹማከር 72። 2011፦ ሮዝበርግ 89፣ ሹማከር 76። አየህ? ልዩነቱ ጠቧል። እጁ እየተመለሰ ነበር። 2012፦ ሮዝበርግ 93፣ ሹማከር 49። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ካየህ ወረደ ትላለህ። ግን እኔ ያን ዓመት በደንብ ተከታትዬዋለሁ። ቻይና ላይ ሮዝበርግን ተከትሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲሄድ ፒት ውስጥ አንዱ ጎማ በደንብ አልታሰረም፤ ወጣ። ሮዝበርግ አሸነፈ። ካናዳ ላይ የኋላ ክንፉ ተከፍቶ ቀረ። ሞናኮ ላይ በማጣሪያ ከሁሉም አንደኛ ሆነ። በ43 ዓመቱ፣ ሞናኮ ላይ! ሞናኮ የሹፌር ትራክ ነው። ግን ስፔን ላይ ብሩኖ ሴናን ከኋላ ስለገጨ አምስት ቦታ ወደ ኋላ ተቀጥቶ ነበር፤ ከስድስተኛ ተነሳ። እዚያም መኪናው ተበላሸ። ቫሌንሲያ ላይ በመጨረሻ ሦስተኛ ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ መድረክ ላይ የቆመበት ብቸኛ ቀን።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። አልተሳካለትም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ሦስቱንም ዓመት በቡድን ጓደኛው ተበልጧል። ስፔን ላይ ሴናን የገጨበት ዓይነት ስህተትም ነበረበት፤ የ2004ቱ ሹማከር ያንን ርቀት አይስትም። ግን «አርጅቶ ፍጥነቱን አጥቶ ነበር» የሚሉትን አልቀበልም። የሞናኮዋ ዙር ፍጥነቱን ያጣ ሰው ዙር አይደለችም። ላውዳ በሦስተኛው ዓመት ምርጡን መኪና አገኘ። ሹማከር በሦስተኛው ዓመት የሚበላሽ መኪና አገኘ። መርሴዲስ ከሁሉም የተሻለውን መኪና የሠራው በ2014 ነው። እሱ በ2012 ወጥቷል፤ ቦታውን ሉዊስ ሃሚልተን ወሰደው።

ፕሮስት ላይ ብዙ አልቆይም። በ1991 መጨረሻ ፌራሪ አባረረው። 1992ን አረፈ። በ1993 የተመለሰው ወደ ዊሊያምስ ነው። ያ መኪና ባለፈው ዓመት ማንሴልን በዘጠኝ ድል ሻምፒዮን ያደረገው ቡድን መኪና ነው። ፕሮስት 13 ጊዜ ከአንደኛ ቦታ ተነሳ፣ ሰባት አሸነፈ፣ 99 ለ73 አይርተን ሴናን በልጦ ዋንጫውን ይዞ ጡረታ ወጣ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የራቀው፤ ምርጡን መኪና መርጦ ነው የተመለሰው። እንዲህ ከሆነ መመለስ ከባድ አይደለም።

ሌላ ቡድን ደግሞ አለ። ከፎርሙላ ዋን ቢርቁም መንዳት ያላቆሙ። ማንሴል በ1992 ሻምፒዮን ሆኖ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1993 የኢንዲካር ሻምፒዮን ሆነ። በ1994 ሴና ከሞተ በኋላ ዊሊያምስ ለአራት ውድድር ጠራው። አውስትራሊያ፣ አደሌድ ላይ በ41 ዓመቱ አሸነፈ። ራይኮነን ሁለት ዓመት ራሊ ላይ ነበር፤ በበረዶ፣ በጭቃ፣ በጠጠር ላይ ሲንሸራተት። በ2012 ሎተስ ይዞ ተመለሰ። አቡ ዳቢ ላይ አሸነፈ፤ ዓመቱን ሦስተኛ ጨረሰ። ከተመለሱት ሁሉ ሳይንገዳገድ የገባው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ራሊ የፊት ጎማ ሲለቅና ሲይዝ በየሰከንዱ ያስተምርሃል። ያ የእጅ ዕውቀት አልተኛም።

ፈርናንዶ አሎንሶም እንዲሁ ነው። በ2018 መጨረሻ ወጣ። የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ሁለት ጊዜ አሸንፏል፤ የዳካር ራሊም ላይ ተወዳድሯል። በ2021 ሲመለስ የመጀመሪያ ውድድሩ እናንተ ጋ ሳኪር ላይ ነበር። የሳንድዊች ማሸጊያ ላስቲክ ፍሬኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ አስወጣው። ከዚያም በላይ፣ ሊመለስ ሲዘጋጅ በብስክሌት ላይ ተገጭቶ መንጋጋው ተሰብሮ ነበር። ሁለት ዓመት ታገሠ። በ2023 አስተን ማርቲን ገባ፤ እንደገና ሳኪር ላይ ሦስተኛ ወጣ። ያን ዓመት ስምንት ጊዜ መድረክ ላይ ቆመ፤ በ206 ነጥብ አራተኛ ሆነ። 42 ዓመቱን ይዞ። ይህ በተመለሰ በሦስተኛው ዓመት ነው። ደግሞ ሦስተኛው ዓመት! ድል ግን አላገኘም። ያ የመኪናው ነገር ነው።

መኪናው ካልሆነ ምንም አይሆንም። አለን ጆንስ የ1980 ሻምፒዮን ነው። በ1985 መጨረሻ አካባቢ አዲስ ከተመሠረተ ቡድን ጋር ተመለሰ። በ1986 ሙሉ ዓመት አራት ነጥብ ብቻ አገኘ። ማንሴልስ? አደሌድ ባሸነፈ በወራት ውስጥ፣ በ1995፣ ማክላረን ገባ። መኪናው ጠበበው። እጁና ትከሻው አልገባ አለ። ቡድኑ ሰፋ ያለ እስኪሠራለት ሁለት ውድድር አመለጠው። ከዚያ ሁለት ነድቶ ተወው። ያው ሰው ነው። ኅዳር ላይ አሸናፊ፣ ግንቦት ላይ አበቃለት። በስድስት ወር ውስጥ ያረጀ ሰው የለም።

አንድ ነገር ከኛው ቤት ልጨምር። በ2010፣ ሹማከር በተመለሰበት ዓመት፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን አሞት አቋረጠ። እዚያው ጋዜጠኞች ፊት ጡረታ ወጣሁ አለ። በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ላውዳ ሞንትሪያል ላይ ከመኪናው እንደወረደው ማለት ነው። ትልልቅ ስፖርተኞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት በድካም ቀን ነው። ድካሙ ሲያልፍ ፍላጎቱ እዚያው አለ። ልዩነቱ ግን፣ ኃይሌ ጠዋት ተነስቶ እንጦጦ ላይ መሮጥ ይችላል። ማንም አይከለክለውም። የፎርሙላ ዋን ሹፌር መኪናውን ቤቱ አያገኘውም። ፍላጎት እያለው ልምምድ የማይፈቀድለት ስፖርተኛ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

እንግዲህ ቬተል። አራት ዋንጫ አለው፤ ከ2010 እስከ 2013። 53 ድል። በ2022 መጨረሻ አቡ ዳቢ ላይ ሲሄድ 35 ዓመቱ ነበር። በ2024 መጋቢት ላይ ስፔን ውስጥ የፖርሼን የረጅም ርቀት መኪና ፈትኖ ነበር፤ ያ ፈተና በዚያ ዓመት ወደ ለ ማን አልወሰደውም። ለጓደኞችህ እንዲህ በላቸው። ዕድሜው አይከለክለውም። ላውዳ፣ ፕሮስት፣ አሎንሶ አይተናል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከወጣ በኋላ እንደ አሎንሶ በሌላ ውድድር አልቆየም፤ እጁ አርፏል። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የመኪናው ደንብ ከሥሩ ተለውጧል። ግማሽ ያህሉ ኃይል ከኤሌክትሪክ ነው። ክንፎቹ እየተንቀሳቀሱ ነው የሚሠሩት። አንዳንዶች «አዲስ ደንብ ከሆነ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ ለተመላሽ ይመቻል» ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ግን ግማሹ ብቻ። መኪናው ለሁሉም አዲስ ነው። የውድድር ትኩሳቱ ግን ለተመላሹ ብቻ ነው አዲስ የሚሆንበት። ሲሙሌተር (መንዳትን የሚያስመስለው ማሽን) ዛሬ ከሹማከር ጊዜ በጣም ተሻሽሏል፤ ብዙ ይረዳል። ቢሆንም ወንበርህ ሥር ጎማው ሊለቅ ሲል የሚሰማህን ያን ትንሽ ነገር እስካሁን ማንም ማሽን በደንብ አልሰጠም።

ስለዚህ በኔ ግምት፣ ዋንጫ ሊታገል የሚችል ቡድን ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ከሰጠው፣ ውድድር ሊያሸንፍ ይችላል። ለአንድ ዓመት ብቻ፣ መሃል ላይ ባለ መኪና ከሆነ፣ እንዳይሞክረው እመኛለሁ። ሹማከርን ያየ ሰው ያንን ደግሞ ማየት አይፈልግም።

እሱም ሆነ ሌላ ሻምፒዮን ከተመለሰና ሳኪር ላይ ከመጣ፣ በመጀመሪያው ቀን ውጤቱን አትይ። ስድስተኛ ቢወጣም አሥራ ስድስተኛ ቢወጣም ተወው። ከቻልክ ትኬትህን ወደ አሥረኛው ማዞሪያ አካባቢ አድርገው። እዚያ ሹፌሩ ወደ ግራ እየታጠፈ ነው ፍሬን የሚይዘው፤ መንገዱ ወደ ታች ያዘነብላል። የግራው የፊት ጎማ ቀሎ ስለሚገኝ በቀላሉ ይቆለፋል፤ ነጭ ጭስ ታያለህ። መጀመሪያ የቡድን ጓደኛውን ተመልከት፤ ቀጥለህ እሱን። ጓደኛው እያጨሰ እሱ ያለ ጭስ ከገባ፣ ሰዓቱም ከጓደኛው ካልራቀ፣ ፍሬኑን በትክክል እየለቀቀው ነው ማለት ነው። ያኔ ጻፍልኝ።